እናቴ ቶሎ ይቅር ብላ ነበር

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ሰው ቤታችን መጥቶ እናቴን ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ይቅርታ መጠየቁ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጉዳዩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሥራ ቦታ፣ አንዳንዴ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳይቀር ይመጣብኛል። ከሰውየው ይልቅ የምትመጣብኝ ደግሞ እናቴ ናት። በተለይ ሰውየው ወሬውን ገና ሳይጀምር የመለሰችለት መልስ።

«ተወው ባክህ፣ ያለፈ ነገር ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ።»

ሲሰሙት ደስ ይላል። እናቶቻችን እንዲህ ናቸው፣ ቂም አይዙም እንላለን። የሰፈር ሽማግሌም ሰው ሲያስታርቅ የሚቸኩለው እዚህች ቃል ላይ ለመድረስ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ካየሁት በኋላ ያ መልስ ሰውየውን ሊያጠፋው ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥፋት ስል የነፍስ ጥፋት ማለቴ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁና ፍረዱ።

## ቦንዳው

ድሬ ዳዋ ውስጥ ብዙ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በጎርፉ ነው። የ1998 ክረምቱን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ማለቴ ነው፣ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን። እገሌ ከጎርፉ በፊት ነው ያገባው፣ እገሊት ከጎርፉ በኋላ ነው የወለደችው እንላለን። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከጎርፉ በኋላ ባለው ዓመት ነው።

እናቴ የሰፈር ዕቁብ ወጣላት። 12,000 ብር። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ልጅ ይህ ብር ላይመስለው ይችላል። ያኔ ግን ዶላር ዘጠኝ ብር ገደማ ነበር፣ 12,000 ብርም እንደኛ ላለ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ታላቅ እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የግል ኮሌጅ ልትገባ ነው፣ ብሩ ለዚያ ታስቧል። ምዝገባው ገና ወራት ስለሚቀሩት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ብር ሣጥን ውስጥ እንዳለ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ዕቁብ ነዋ።

ጎረቤታችን ያኔ ገና ወጣት ነጋዴ ነበር። ከጅጅጋ በኩል የሳልባጅ ቦንዳ እያመጣ ታይዋን ለሚባለው የድሬ ገበያ ነጋዴዎች ያከፋፍላል። አንድ ቀን መጣና «እትዬ፣ ለሁለት ወር ያበድሩኝ፣ ከነትርፉ አመጣልዎታለሁ» አላት። ሰጠችው። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ልጅነቱን የምታውቀው ሰው ነው፣ ምን ትጻፍ?

(ቆይ፣ ኮንትሮባንዱስ ራሱ ኃጢአት አይደለም ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ብላችኋል። ድሬ ውስጥ ግን ይህን ጥያቄ ይዞ ንስሐ አባቱ ጋ የሚሄድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለሌላ ቀን ይደር።)

ሁለት ወሩ ሲያልፍ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ተያዘብኝ እትዬ» አለ። ኬላ ላይ ፊናንስ ቦንዳውን ሁሉ እንደወሰደበት፣ ባዶ እጁን እንደቀረ ነገራት። አለቀሰ። እናቴም አብራው አለቀሰች። ከዚያ ቡና አፈላችለት። ሦስተኛውን እስኪጠጣ ድረስ «ጤናህን ይስጥህ እንጂ ብር የትም ይገኛል» እያለች ስታጽናናው ነበር። ሲወጣ ለሚስቱ ብላ ዳቦ ጠቀለለችለት። ልብ በሉ፣ ብሯን ያጣችው እሷ ናት፣ የምታጽናናውም እሷ ናት።

እህቴ ኮሌጅ አልገባችም። ሱቅ ተቀጠረች። በኋላ አግብታ አዳማ ኑሮዋን መሠረተች። ሰውየውም ከሰፈራችን ለቆ ሳቢያን ገባ። ለቅሶ ቤት ወይም ቁልቢ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። እናቴ አንድም ቀን በክፉ አንስታው አታውቅም። ስሙ ከተነሳ «ምስኪን፣ ዕድሉ ነው» ትላለች።

## «እትዬ፣ ልጨርስ»

የገብር ኄር ሳምንት ነበር። በተሰጠው መክሊት ነግዶ ስላተረፈው ታማኝ አገልጋይ የሚሰበክበት ሳምንት። ነጋዴ የሆነ ሰው ያንን ስብከት እንዴት እንደሚሰማው እንጃ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ድሬ ከሙቀቱና ከምሳ እንቅልፏ ገና ስትነቃ፣ በር ተንኳኳ።

እሱ ነው። ሸብቷል። ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል። እናቴ ስታየው ደስ አላት። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ የሞተውም የተወለደውም ተወራ። ከዚያ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። የዚያን ጊዜው ብር...» ሲል እናቴ እጇን እያወዛወዘች አቋረጠችው። «ተወው ባክህ፣ ያለፈ ነገር ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። አንተ ፈልገህ ያደረግከው ነው? መንግሥት አይደል የወሰደው?»

እዚህች ላይ ነው የማልንቀሳቀሰው።

እናቴ ሳታውቀው የመውጫ በር ከፍታለታለች። ሰውየው በዚያ በር ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። ይቅርታ ጠይቋል፣ ይቅር ተብሏል። ንስሐ አባቱ ጋ ተመልሶ «ሄጃለሁ፣ ይቅር ብለውኛል» ቢል ቃሉ ውሸት አይሆንም። ፌስታሉን ይዞ ወደ ሳቢያን መመለስም ይችላል። የሚጠበቅበት «አሜን እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» ማለት ብቻ ነው። ዝም አለ። ፊቱን እያየሁት ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሩን አይቶታል። በሩን አይቶት ሊወጣ ነው ብዬ ነበር።

«እትዬ፣ ልጨርስ» አለ።

ቦንዳው አልተያዘም። ኬላውን በሰላም አልፏል፣ ድሬ ገብቷል፣ ጥሩ ዋጋ ተሽጧል። በብሩ ሱቅ ተከራየበት። የዛሬ ኑሮው የተጀመረው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያየ፣ ልክ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሰው በደረቁ ነው የተናገረው። እንባ የለም። ያን ጊዜ አልቅሶ ነበር፣ ዛሬ አላለቀሰም። እኔ ያኔ ካየሁት እንባ የዛሬውን ድርቀት አመንኩት።

እናቴ ረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ ስለ ብሩ አልጠየቀችም፣ ስለ እህቴም አልጠየቀችም።

«ያን ቀን የጠጣኸው ቡናስ?» አለችው።

ሰውየው ለብሩ መልስ ነበረው፣ ፌስታሉ ውስጥ ነው። ለቡናው መልስ አልነበረውም። እናቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። እኔና እሱ ፋኑ እየዞረብን ቁጭ አልን። ሻይ ልበለው? ምን ልበለው? እሷም ከጓዳ አልወጣ አለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ደህና ነው።

«ብሩን አስቀምጥ። ይቅርታውን ዛሬ አልሰጥህም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ና።»

## የሌለ ሰው ይቅር ማለት

እናቴ ይህን ስትል ደነገጥኩ። ከአምስት ደቂቃ በፊት እኮ ይቅር ብላዋለች! የሰጠችውን ይቅርታ መልሳ ወሰደች እንዴ? እንዲህ ይደረጋል? ሌሊቱን ሳገላብጠው ነው የገባኝ። መጀመሪያ ይቅር ያለችው ሌላ ሰው ነበር። ዕድል የጎደለው፣ ኬላ ላይ የተወሰደበት፣ ያ ምስኪን። ያ ሰው ደግሞ ኖሮ አያውቅም። እውነተኛው ሰውዬ፣ አልቅሶ የዋሸውና ዳቦ ተጠቅልሎለት የወጣው፣ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ያለ ይቅርታ ነው የኖረው። ሰላም እያልነው፣ እየተሳሳምን፣ ያለ ይቅርታ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ቤት ተገላቢጦሽ ሆነ። የተወጋችው ረስታለች፣ መወጋቷንም አታውቅም። የማይረሳው እሱ ነው።

እና እኛ ክርስቲያኖች ነን ባዮች ይቅርታ ለመስጠት የምንቸኩለው ለምንድነው? ደግነት አለበት፣ አልክድም። ግን ሌላም ነገር አለበት። የሰውን ኃጢአት ቁጭ ብሎ መስማት ይከብዳል። ያሳፍራል። ሰውየው ከተናገረ እኛም መናደድ ሊኖርብን ነው፣ ማዘን ሊኖርብን ነው፣ ምናልባት ቂም ከያዝን ብለን እንፈራለን። ስለዚህ «ተወው» ብለን አፉን እንዘጋዋለን፣ በእግዚአብሔር ስም። ጌታ ግን በሉቃስ 17 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸትም ይቅር በለው ነው ያለው። ተግሣጹ ቀድሟል። በቀን ሰባት ጊዜ ይቅር በል የሚለውም እዚያው ቀጥሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ይቅርታውን ለማሳነስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ይሁዳን አስቡት። ይሁዳም ብሩን መልሷል እኮ። ሠላሳውን ብር ይዞ ወደ ካህናት አለቆች ሄዶ፣ ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ ብሏል። ተጸጽቷል፣ ተናግሯል፣ መልሷል። እነሱ ምን አሉት? «እኛስ ምን አግዶን?» አሉት። ካህናት ናቸው፣ ኑዛዜ መስማት ሥራቸው ነው። ብሩን ቤተ መቅደስ ውስጥ ጥሎ ሄዶ ታነቀ። እናቴን ከእነሱ ጋር ላወዳድራት አይደለም፣ ኧረ አላበድኩም! የእነሱ ከጭካኔ ነው፣ የእሷ ከደግነት። ሰውየው ጋ ሲደርስ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያደርጋሉ፣ ያመጣውን ይዞ እንዲመለስ ያደርጉታል።

ጴጥሮስን ደግሞ ጌታ «ተወው፣ ያለፈ ነው» ሊለው ይችል ነበር። ሞቶ የተነሳው እሱ ነው፣ ለማለት ሙሉ መብት ነበረው። ጴጥሮስ የካደው የፍም እሳት አጠገብ ቆሞ እየሞቀ ነው። በዮሐንስ 21 ጌታ ባሕር ዳር ሲጠብቀው ምን አንድዶ ጠበቀው? ፍም። ቁርስ አበላውና ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው። በሦስተኛው ጴጥሮስ አዘነ ይላል። ጌታ ያንን ኀዘን ሊያስቀርለት ይችል ነበር፣ አላስቀረለትም። ቁርሱ ግን ቀድሞ ቀርቧል፣ ይህንን አንርሳ።

## «ከማን?»

ሰውየውን በር ድረስ ሸኘሁት። መንገድ ላይ ቆመን ነው የነገረኝ።

በየዓመቱ ይናዘዝ ነበር። «አባ፣ ሰርቄአለሁ፣ ዋሽቻለሁ፣ በአሳብ በቃል በሥራ በድያለሁ» ይላል። ቀኖና ይሰጡታል፣ ጾሙን ይጾማል፣ ስግደቱን ይሰግዳል። ቁልቢም አይቀርም፣ ታኅሣሥ 19 የደንገጎን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ያውቃል። እንዲያውም የመጀመሪያ ስለቱን ያስገባው ከቦንዳው ትርፍ ላይ ነው። ይህን ሲነግረኝ ሳቅ አለ፣ የሚያስቅ ሆኖ አይደለም።

የቀድሞ ንስሐ አባቱ አረፉና ዘንድሮ ሌላ ካህን ያዘ። ያንኑ የለመደውን ቃል ጀመረ። ሰርቄአለሁ ሲል ካህኑ «ከማን?» አሉት። ማንም ጠይቆት አያውቅም። «አሉ በሕይወት?» አዎ አባ። «ቤታቸውን ታውቀዋለህ?» አዎ። «እንግዲያው መጀመሪያ እዚያ ሂድ። ከዚያ ትመጣለህ፣ እኔ የትም አልሄድም።» በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት፣ ማለትም ከኃጢአት መፍታት፣ ስለሌለ ከሆሳዕና በፊት መመለስ ፈልጎ ነው በዚያ ሳምንት የመጣው።

ይህቺ «ከማን?» ብዙ አሳስባኛለች። በደፈናው መናዘዝ ምን ያህል ይቀላል! ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም፣ ጌታ ሆይ ሁሉንም። ይህ የኦርቶዶክስ ብቻ ችግር አይደለም። ጴንጤ የሆነ ባልደረባዬ እነሱም ዘንድ እጅ አንስቶ «ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ምንም እንደማይከብድ ነግሮኛል፣ ሁሉም ስለሚለው። የሚከብደው ስም ሲጠራ ነው። እገሊት። ይህን ያህል ብር። በዚህ ቀን። ዳዊት እንኳ ናታን መጥቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪለው ድረስ ስለ ሌላ ሰው በግ ሲፈርድ ነበር።

ጸጸት በራሱ ብዙ ዓይነት ነው መሰለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንል የለ? ይህም ቁጭት ነው፣ ልብ ያቃጥላል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የሚቆጨው ግን ባለመስረቁ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሁለት ኀዘን እንዳለ ጽፏል፣ አንዱ ወደ መዳን የሚያደርስ ንስሐ ያመጣል፣ የዓለም ኀዘን ግን ሞትን። ሁለቱን ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። እኔ ያን ቀን የለየኋቸው በእግሩ ነው። መጥቶ ደጃችን ቆመ።

ስለቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ቁልቢ ገብርኤልን የምነካ እንዳይመስላችሁ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ስለቴም ሰምሮልኛል። ግን ማቴዎስ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ላይ ልታቀርብ ስትል ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር ትዝ ካለህ መባህን እዚያው ተውና ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ የሚል ቃል አለ። ያንን ቃል በታኅሣሥ 19 ቀን በትክክል ብንፈጽመው ደንገጎ ላይ የሚወርደው ሰው ከሚወጣው የሚበልጥ ይመስለኛል። ለእግዚአብሔር መስጠት ለሰው ከመመለስ ይቀላል። እግዚአብሔር ቁጭ አድርጎ ቡናውስ ብሎ አይጠይቅህማ።

## አራት እጥፍ

ሰውየው እሁድ መጣ። በፌስታሉ የነበረው 20,000 ብር ነው፣ እናቴ አልነካችውም ነበር። ቤተሰብ ውስጥ ሁላችንም አትቀበለውም ብለን ነበር። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር እናትየዋ «ብርህን ያዝ» ትልና ሁሉም ያለቅሳል አይደል?

እናቴ መነፅሯን አድርጋ ቆጠረችው። ቆጥራ ስትጨርስ ቀና ብላ «ዘኬዎስ ስንት እጥፍ ነው እመልሳለሁ ያለው?» አለች።

«አራት፣ እትዬ።»

«ይኸው ነዋ።»

እሱም «እሺ» አለ። 48,000 ማለት ነው፣ ቀሪው 28,000። በየወሩ እያመጣ ነው። እናቴ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ያኔ ያልጻፈችውን ዛሬ ትጽፋለች።

እኔ በስልኬ ስሌት ጀመርኩ። የኦሪት ሕግ በዘሌዋውያን 6 የቀማ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበት ይላል፣ በዚያ ከሄድን 14,400 ነው። አራት እጥፍ በዘጸአት በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ የተወሰነ ነው። ዘኬዎስ ራሱ ላይ የፈረደው ከባዱን ነው። በዶላር ካሰብነው ደግሞ፣ ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ስለሆነ፣ አራት እጥፉም የያኔውን ብር አይደርስበትም። እናቴን ይህን ሳስረዳት «አቦ ተወኝ» አለችኝ። ደግ አደረገች።

ያ ባልደረባዬ ታሪኩን ስነግረው ፊቱ ተቀየረ። «ይህማ በሥራ መዳን ነው» አለኝ። «ጸጋ የት አለ? ኢየሱስ ከፍሎ ጨርሷል፣ ሰውየው ምን ይከፍላል?» ምሳ ሰዓታችንን በክርክር ጨረስነው። የሉቃስ 19ን ታሪክ ሁለታችንም አንስተን ሁለታችንም የምንወዳትን ጥቅስ ይዘን ተፋጠጥን። እሱ፣ ጌታ ዘኬዎስን ከዛፉ ውረድ፣ ዛሬ ቤትህ እውላለሁ ያለው ዘኬዎስ አንዲት ሳንቲም ሳይመልስ ነው አለ። እውነቱን ነው። እኔ፣ ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆነለት የተባለው ግን እመልሳለሁ ካለ በኋላ ነው አልኩ። ይህም እውነት ነው።

ሳስበው ግን ክርክራችን ከንቱ ነበር። ጌታ ቤቱ የገባው በነፃ ነው፣ በዚህ ላይ ጠብ የለንም። እንግዲህ ዘኬዎስ ጌታን አብልቶ ሸኝቶ የቀማውን ብር እንደያዘ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ዳነ የምንለው ከምንድነው? ከምን? ሰውየው ያን ቀን ቤታችን ያመጣው 20,000 ብር የኃጢአቱ ዋጋ ሊሆን አይችልም፣ ያ ዋጋ መስቀል ላይ ተከፍሏል። ብሩ ውሸቱን ማቆሙ ነው። ሱቁን ሲከፍት በየቀኑ ያ ውሸት አብሮት ይከፈት ነበር። አሁን እንኳ አልጨረሰም፣ በየወሩ ነው የሚዘጋው።

ጎረቤታችን ሐጂያዋ ቡና ላይ ይህንን ሲሰሙ ምንም አልገረማቸውም። «የሰው ሐቅ እኮ በለቅሶ አይወጣም፣ ተውበትም ቢሆን ባለቤቱን ይጠይቃል» አሉና ወሬ ቀየሩ። እኔ ከባልደረባዬ ጋር ግማሽ ቀን የተከራከርኩበትን!

እሁዱን አልጨረስኩላችሁም። ብሩ ከተቆጠረ በኋላ ሰውየው ጉልበቷ ላይ ወደቀ። እናቴ ትከሻውን ይዛ አነሳችውና «ይቅር ብያለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችው። የመጀመሪያው ቀን ከተናገረችው ቃል ብዙም አይለይም። አሁን ግን የምትናገረው ለማን እንደሆነ ታውቃለች። ቡና አላፈላችለትም። እኔ ነኝ ያፈላሁት፣ ጥሩም አልነበረም፣ ግን ሦስቱንም ጠጣ።

## አዳማ

እህቴ ቀርታለች።

ለእሷ በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እማዬ ይቅር ካለችው የሷ ጉዳይ ነው» አለች። «ኮሌጅ ያልገባሁት ግን እኔ ነኝ።» እንዴት ብዬ ልመልስ? መልስም የለኝም። ሰውየው አንድ ሰው የበደለ ቢመስለውም የበደለው አንድ ቤት ነው። ብሩ የእናቴ ነበር፣ ዓመታቱ የእህቴ ናቸው። ለዓመታት የሚሆን እጥፍ ኦሪትም ላይ አላገኘሁም። እናቴ ስለ እሷ ሆና ይቅር ማለት አትችልም፣ እኔማ ጭራሽ።

ሰውየው ወርሃዊውን ሊያመጣ ሲመጣ ነገርኩት። የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር፣ አያውቅም ነበር። ኮሌጅ እንዳልገባች ያውቃል፣ ያ ብር የኮሌጅ ብር መሆኑን ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ተቀመጠ። ከዚያ ስልኳን እንድሰጠው ለመነኝ። ሳልጠይቃት አልሰጥህም አልኩት።

ማታ ደወልኩላት። «ቁጥርሽን ይፈልጋል፣ ልስጠው?»

«ለምን ስልክ?» አለችኝ። «እማዬ ጋ በስልክ ነው እንዴ የመጣው? አውቶቡሱም አለ፣ ባቡሩም አለ። ይምጣ።»

ይቅር ትይዋለሽ ወይ አልኳት።

«እኔ ይምጣ ነው ያልኩት» አለችና ልጆቿን ልታስተኛ ዘጋችው።